ከአስተያየት በኋላ፦ በተማሪዎች የተሠራን የሆረር ፊልም ትሬይለር ደረጃ በደረጃ የማሻሻያ መመሪያ

ተማሪዎች የሠሩት የሆረር (የአስፈሪ) ፊልም ትሬይለር፣ ማለትም አጭር የማስተዋወቂያ ቪዲዮ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ለተመልካች ሲቀርብ የሚመጣው አስተያየት አብዛኛውን ጊዜ አጭርና ጅምላ ነው፤ «አያስፈራም»፣ «ጨለማ በዝቶበታል»፣ «ታሪኩ አልገባኝም»፣ «ረዘመ»። ቡድኑም ይህን እንደሰማ ኮምፒውተሩን ከፍቶ ተመልካቹ የጠቆመውን ቦታ ብቻ መነካካት ይጀምራል፤ የጩኸቱን ድምፅ ከፍ ያደርጋል፣ ምስሉን ያበራል፣ መጨረሻውን ይቆርጣል። በዚህ መንገድ የሚወጣው ሁለተኛ ቅጂ ከመጀመሪያው እምብዛም አይሻልም። ተመልካች የሚናገረው ችግሩ የተሰማውን ቦታ ነው፤ ችግሩ የጀመረበትን ቦታ ማግኘት ግን የሠሪው ሥራ ነው። በሆረር ደግሞ ለምሳሌ በ52ኛው ሰከንድ ላይ የከሸፈ ድንጋጤ መነሻው ባብዛኛው ከዚያ ቀደም ባሉት 10 ወይም 15 ሰከንዶች ውስጥ ይገኛል። ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል ሁሉ የሚነሳው ከዚህ ነው።

ለማስረዳት እንዲመች አንድ ምሳሌ እንያዝ። ትሬይለሩ 2 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ይረዝማል። አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አዲስ አበባ ውስጥ፣ ባረጀ ግቢ፣ ሰርቪስ ቤት ትከራያለች። አከራይዋ አሮጊት ናቸው፤ ቁልፉን ሲሰጧት «ልጄ፣ የጓዳውን በር ብቻ እንዳትነኪብኝ፤ ሌላው ሁሉ ቤትሽ ነው» ይሏታል። ሌሊት ከጓዳው ድምፅ ትሰማለች፤ በ52ኛው ሰከንድ በሩን ትከፍታለች፤ ፊቱን ነጭ የተቀባ ሰው፣ ማለትም የፊልሙ ፍጡር፣ እየጮኸ ብቅ ይላል። ከዚያ በኋላ ሩጫ፣ ደም፣ ጸሎት፣ በመጨረሻም የፊልሙ ስም ይከተላሉ።

አንደኛ፦ አስተያየቱን ወደ ሰከንድ መለወጥ

«ቆንጆ ነው፣ በርቱ» የሚለው መልስ ከይሉኝታ የሚመነጭ ስለሆነ ደስ ከማሰኘት አልፎ ለኤዲቲንግ አይጠቅምም። ስለዚህ «እንዴት አያችሁት?» ብሎ መጠየቅ ይቅርና ተመልካቹ ሊያመልጥ የማይችልባቸው ጥያቄዎች ይዘጋጁ። «ታሪኩን በአንድ ዓረፍተ ነገር ንገሩኝ»፣ «ልጅቷ ምን ትሆናለች ብላችሁ ሰጋችሁ?»፣ «የት ቦታ ላይ ሐሳባችሁ ተሰረቀ?» የሚሉት ሦስቱ ለብዙው ነገር ይበቃሉ። መልሱን ለየብቻ፣ ቢቻል በጽሑፍ ተቀበሉ፤ በቡድን ከተጠየቁ የመጀመሪያው ሰው የተናገረውን ሌሎቹ ይደግሙታል።

ከቃላቸው ይልቅ ሰውነታቸው ብዙ ይናገራል። ተመልካቾቹን አስፈቅዳችሁ አንድ ስልክ ከስክሪኑ አጠገብ ፊታቸው ላይ አነጣጥራችሁ ቅረጹ። የትሬይለሩ ድምፅም አብሮ ስለሚቀረጽ በኋላ ሁለቱን በኤዲቲንግ ፕሮግራሙ ታይምላይን (ምስልና ድምፅ በጊዜ ቅደም ተከተል የሚደረደሩበት መስመር) ላይ ማገጣጠም ቀላል ነው። ተመልካቹ በየትኛው ሰከንድ የራሱን ስልክ እንዳወጣ፣ በየትኛው ወደ ጓደኛው ዞሮ እንዳንሾካሾከ፣ በየትኛው እንደሳቀ በግልጽ ይታያል። ሳቅን በተመለከተ አንድ ልዩነት አትርሱ፤ ከድንጋጤው በኋላ የሚመጣ ሳቅ ተመልካቹ መደንገጡን ያሳያል፣ ከድንጋጤው በፊት ወይም ፍጡሩ ስክሪን ላይ እያለ የሚመጣ ሳቅ ግን ትሬይለሩ እንዳልሠራ ማረጋገጫ ነው።

ቀጥሎ ሁሉንም በአንድ ሠንጠረዥ ላይ አስፍሩት፤ ሰከንዱ፣ የተባለው፣ የታየው፣ ስንት ሰው እንዳለው። አንድ ሰው ብቻ ያነሳውን ለጊዜው ወደ ጎን ማድረግ ይቻላል፤ ብዙዎች በተመሳሳይ ሰከንድ ላይ የተሰናከሉበት ግን ክርክር አያስፈልገውም። ተመልካቹ መፍትሔ ሲያዝ፣ ለምሳሌ «ሙዚቃው ይቀየር» ሲል፣ ቅሬታውን ያዙና ትዕዛዙን ተዉት፤ ሙዚቃው የሰለቸው ዜማው መጥፎ ስለሆነ ሳይሆን ለ40 ሰከንድ ያህል አንዴም ስላልተቋረጠ ሊሆን ይችላል። «እኔ ሆረር አልወድም» የሚል ሰው ደግሞ ስለ ፍርሃቱ የሚሰጠው ምስክርነት ባይመዘንም ታሪኩ መግባት አለመግባቱን ለማወቅ ከማንም እኩል ይጠቅማል።

ሁለተኛ፦ ታሪኩን ከፍርሃቱ በፊት ማስተካከል

ማንኛውንም ነገር ከመንካታችሁ በፊት የመጀመሪያውን ታይምላይን ቅጂ አስቀምጡ፤ ማሻሻያው ሁሉ በአዲስ ታይምላይን ላይ ይሠራ።

በምሳሌያችን ላይ ተመልካቾች ታሪኩን ሲናገሩ ግማሾቹ «አሮጊቷ ጠንቋይ ናቸው» ካሉ፣ ግማሾቹ ደግሞ «ልጅቷ አብዳለች» ካሉ፣ ችግሩ የሚገኘው በአከራይዋ ትዕይንት ላይ ነው። ትሬይለር መመለስ ያለበት አንድ ጥያቄ አለ፤ የተከለከለው ምንድን ነው? ያ ክልከላ እንደ ልብ ካልተሰማ ኋላ የሚከፈተው በር ተራ በር ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ «የጓዳውን በር ብቻ እንዳትነኪብኝ» የምትለዋ ንግግር በሙዚቃ ተሸፍና እንደሆነ ሙዚቃውን ከሥሯ አውጡት፤ ከንግግሩ ጋር በሩ ራሱ ለሁለት ሰከንድ ያህል ይታይ። አሮጊቷም እንደ ክፉ ሰው ባይናገሩ ይሻላል። ቁልፍ እያቀበሉ፣ በእናት ድምፅ የተነገረ ክልከላ ዓይንን አፍጥጦ ከተነገረው የበለጠ ያስጨንቃል።

ርዝመትን በተመለከተ «ረዘመ» የሚለው አስተያየት ሁልጊዜ ሰከንድ ቀንሱ ማለት አይደለም። ተመልካቹ የሚሰለቸው ተመሳሳይ መረጃ ሁለቴ ሲሰጠው ነው፤ ልጅቷ ስትፈራ የሚያሳዩ አምስት ሾቶች (ሳይቆረጡ የሚታዩ ነጠላ የምስል ቁራጮች) ካሉ አራቱ ትርፍ ናቸው። በሌላ በኩል «ፊልሙን ጨርሼ ያየሁት መሰለኝ» የሚል ሰው ካለ፣ ከበሩ መከፈት በኋላ ያለው ሩጫና ደም ከነፍጻሜው ተዘርግፏል ማለት ነውና ከዚያ ክፍል ቢበዛ ሦስት ወይም አራት አጫጭር ሾቶችን ብቻ አስቀሩ፤ ማን እንደተረፈ የሚያሳውቅ አንዱም አይግባ። በእኔ ግምት ለተማሪ ሥራ ከ60 እስከ 90 ሰከንድ በቂ ነው፤ የቀረጻችሁት ጥሩ ነገር ሁሉ መግባት አለበት የሚል ግዴታ የለም።

ሦስተኛ፦ ያልሠራውን ድንጋጤ መበታተንና እንደገና መገጣጠም

ከሥራው ሁሉ ብዙ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ይህ ክፍል ነው። በመጀመሪያው ቅጂ ከ38ኛው ሰከንድ ጀምሮ ሙዚቃው ከፍ እያለ ይሄዳል፤ በ44ኛው ልጅቷ ከሩቅ ስትራመድ ትታያለች፤ በ49ኛው እጇ መቀርቀሪያው ላይ ያርፋል፤ በ52ኛው ፊቱ ብቅ ብሎ ለሦስት ሰከንድ ይቆያል። ተመልካቹ ይህን ሲያይ ከ38ኛው ሰከንድ ጀምሮ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል፤ ሙዚቃው «አሁን ሊመጣ ነው» ብሎ ነግሮታልና። የጩኸቱን ድምፅ እጥፍ ብታደርጉትም የሚጨመረው ጆሮ የሚያደነቁር ጫጫታ ብቻ ነው።

ያንኑ ትዕይንት ይዘን፣ የጎደሉትን ሾቶች ጨምረን እንደገና እንገጣጥመው። በ38ኛው ሰከንድ ሙዚቃው በማለቂያው ላይ ሳይሆን መሐል ላይ ድንገት ይቋረጥ። የሚቀረው የክፍሉ ድምፅ ነው፤ የሌሊት ብርድ ሲመታው ቀጭ ቀጭ የሚለው የጣሪያ ቆርቆሮ፣ ከሩቅ የሚጮኽ ውሻ። ከ40 እስከ 44 የልጅቷ ፊት በቅርብ፣ ያለ ምንም ቁርጥ፣ እያዳመጠች ይታይ። ከዚያ በእሷ ዓይን የተዘጋው በር ለሁለት ሰከንድ፤ ምንም አይሆንም። በ46ኛው ከጀርባዋ ድመት ባዶ ጀሪካን ትጥላለች። ልጅቷ ትደነግጣለች፣ ድመቷን ታያለች፣ ትንፋሿን ታወጣለች፤ ተመልካቹም አብሯት ይተነፍሳል። በ49ኛው ወደ በሩ ስትመለስ በሩ አንድ ስንዝር ተከፍቷል። እዚህ ላይ ምንም ድምፅ አትጨምሩ። ተመልካቹ ራሱ እንዲያየው ሁለት ሰከንድ ስጡት። ከዚያ የእሷ ፊት፣ ቀጥሎ 12 ፍሬም (ቪዲዮው የሚሠራባቸው ነጠላ ምስሎች) ሙሉ ጨለማ፣ ቀጥሎ ፍጡሩ።

የድመቷ ነገር አዲስ ፈጠራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1942 በተሠራው «ካት ፒፕል» በተባለው የአሜሪካ ፊልም ውስጥ አንዲት ሴት በምሽት ብቻዋን ስትሄድ፣ አውሬ ይመጣል ብሎ የሚጠብቀውን ተመልካች ከመቀመጫው የሚያስነሳው ድንገት አጠገቧ የሚቆም አውቶቡስ ድምፅ ነው፤ ከፕሮዲዩሰሩ ከቫል ሉተን ስም በመነሳት ዘዴው እስከ ዛሬ «የሉተን አውቶቡስ» ይባላል። ዘዴው የሚሠራው ግን አንድ ጊዜ ነው። በአንድ ትሬይለር ውስጥ ሁለተኛ ድመት ከገባች ተመልካቹ ቀልድ ያደርጋታል።

ፍጡሩን በተመለከተ አስተያየት ሰጪዎች በሜካፑ ከሳቁ፣ ሜካፑን ለማሻሻል ገንዘብ ከማውጣት በፊት የሚታይበትን ጊዜ አሳጥሩ። በሰከንድ 25 ፍሬም ከቀረጻችሁ 8 ፍሬም የሰከንድ ሲሶ ያህል ነው፤ ዓይን ቅርጹን ይይዛል፣ ዱቄቱን ለማየት ግን ጊዜ አያገኝም። ከዚያም የተሻለው ፊቱን ጨርሶ አለማሳየት ሊሆን ይችላል፤ ከበሩ ጠርዝ ላይ ቀስ ብለው የሚወጡ አራት ጣቶች ብዙውን ጊዜ ከሙሉ ፊት ይበልጣሉ።

አራተኛ፦ ድምፅ

በሆረር ትሬይለር ላይ ለምስል የሚሰጠውን ጊዜ ያህል ለድምፅ የሚሰጥ የተማሪ ቡድን ጥቂት ነው፤ የሚያሳዝነውም ያለ ተጨማሪ የምስል ቀረጻ ሊሻሻል የሚችለው ዋናው ነገር ይህ መሆኑ ነው። ለመፈተን ትሬይለሩን ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ስሙት። ታሪኩን መከተል ካልቻላችሁ፣ ወይም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ዓይነት የድምፅ መጠን ከሰማችሁ፣ ሥራው እዚህ አለ።

ዝምታ ማለት ባዶ ትራክ ማለት አይደለም። ድምፁን ፈጽሞ ብትቆርጡት ተመልካቹ ኢርፎኑ የተበላሸ መስሎት ስልኩን ይነካካል። ስለዚህ ወደ ቀረጻው ቦታ ተመለሱና ማንም ሳይናገር፣ ማንም ሳይንቀሳቀስ የክፍሉን የራሱን ድምፅ ለአንድ ደቂቃ ያህል ቅረጹ፤ ዝም የሚባልባቸው ቦታዎች ሁሉ ከሥራቸው ይህ ይነጠፍላቸው። ከድንጋጤው በፊት ያሉት ሰከንዶች ከድንጋጤው ቢያንስ በ15 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ዝቅ ቢሉ ልዩነቱ ይሰማል። ከፍተኛው ጫፍ ግን ከ-1 ዴሲቤል አይለፍ፤ ከዚያ ካለፈ ድምፁ ሊሰነጠቅ ይችላል። ሁሉንም ነገር ማስጮህም ከንቱ ድካም ነው፤ ዩቲዩብ ከ-14 ኤልዩኤፍኤስ (የአጠቃላይ የድምፅ ከፍታ መለኪያ) ገደማ በላይ የጮኸን ሥራ ሲያጫውት ራሱ ዝቅ ያደርገዋል።

«ሄድፎን አድርጌ ስሰማው ያስፈራል፣ በስልክ ግን ምንም» የሚል አስተያየት ከመጣ ምክንያቱ የታወቀ ነው። በ40 ወይም በ60 ኸርዝ አካባቢ ያለ ወፍራም ጉርምርምታ ከስልክ ስፒከር አይወጣም። ያንኑ ድምፅ ኮፒ አድርጉና ከ200 እስከ 400 ኸርዝ ወዳለው ክልል ከፍ አድርጉት፣ ጥቂት ዲስቶርሽን (ድምፁን የሚያሻክር ኢፌክት) ጨምሩበትና ከዋናው ሥር ዝቅ አድርጋችሁ አስቀምጡት፤ ስልክ የያዘውም ሰው ድርሻውን ያገኛል።

ሙዚቃውን ከኢንተርኔት ያወረዳችሁት ከሆነ አስተያየት የሰጠ ባይኖርም መለወጥ አለበት። የሰው ሙዚቃ ያለ ፈቃድ መጠቀም በኢትዮጵያ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 እና በማሻሻያው በአዋጅ ቁጥር 872/2007 የሚያስጠይቅ ሲሆን፣ ዩቲዩብም ሥራውን ሊያግደው ይችላል። ከዩቲዩብ የራሱ የኦዲዮ ቤተ መጻሕፍት መውሰድ ይቻላል፤ የራስን መሥራት ግን የበለጠ ያዋጣል። መሰንቆ የሚጫወት ጓደኛ ካላችሁ ጭራውን ወደ ድልድዩ አስጠግቶ፣ ጫን አድርጎ፣ በዝግታ ይሳብላችሁ፤ የተቀረጸውን ፍጥነት በግማሽ ስትቀንሱት ድምፁ በአንድ ኦክታቭ ይወርድና ከየትም የማይገኝ የእናንተ ብቻ የሆነ ድምፅ ይሆናል። በገናን ግን ለዚህ ሥራ ባትነኩት እመክራለሁ። ንዝረቱ ያማልላል፣ ሆኖም ለብዙ ተመልካች የጾምና የጸሎት መሣሪያ በመሆኑ ከፍርሃት ይልቅ ቅሬታ ያመጣባችኋል፤ አስተያየት መስጫውም ስለ ፊልሙ መሆኑ ያበቃል። የጅብ ድምፅን በተመለከተ ከተማው ዳር ያደገ ተመልካች በየሌሊቱ ሲሰማው ስለኖረ ብቻውን አያስደነግጠውም፤ በጣም ቀርቦ፣ ከመስኮቱ ሥር ሲሰማ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

አምስተኛ፦ «ምንም አይታይም»

ይህ አስተያየት ሁለት መነሻ አለው። አንደኛው ምስሉ ሲቀረጽ በቂ ብርሃን ያልነበረው መሆኑ ነው። ሁለተኛው ደግሞ የቀለም እርማቱ በጨለማ ክፍል፣ ብርሃኑ እስከ መጨረሻ በተከፈተ ላፕቶፕ ላይ መሠራቱ ነው። ለመለየት ትሬይለሩን የስልካችሁን ብርሃን ግማሽ ላይ አድርጋችሁ በቀን ውጭ ቆማችሁ እዩት። መፍትሔው ሁሉንም ማብራት አይደለም፤ ጨለማ ጨለማነቱ የሚታወቀው በውስጡ አንድ የበራ ነገር ሲኖር ነውና የፊቷን አንድ ጎን፣ የኩራዙን ነበልባል ወይም በበሩ ሥር የሚገባውን የብርሃን መስመር ብቻ ለይታችሁ ከፍ አድርጉ። ብርሃን ያነሰው ሾት በግድ ሲበራ በጥቃቅን ነጠብጣቦች ይሞላል፤ እንዲህ ያለውን ወደ ጥቁር መልሱት ወይም ወደ አንድ ሰከንድ አሳጥራችሁ ድምፁ እንዲተርክ ተዉት።

በቤት ውስጥ በተቀረጹ ሾቶች ላይ ብርሃኑ የሚርገበገብ ከሆነ መነሻው የኤሌክትሪኩ ሞገድ ነው። የኢትዮጵያ መስመር 50 ኸርዝ ስለሆነ ሻተሩ (ካሜራው ለእያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚቀበልበት ጊዜ) 1/50 ወይም 1/100 ሰከንድ ላይ፣ ቀረጻውም በሰከንድ 25 ፍሬም ላይ ሲሆን መርገብገቡ ይጠፋል። የተቀረጸውን በኤዲቲንግ ማዳን አድካሚ ነው፤ ያንን ሾት እንደገና ለመቅረጽ በሚቀጥለው ዝርዝር ውስጥ አስገቡት።

ስድስተኛ፦ እንደገና የሚቀረጸውን መምረጥ

ሁለተኛ ቀረጻ ከመጥራታችሁ በፊት የጎደለው ነገር በትንንሽ ሾቶች ይሟላ እንደሆነ አስቡ። እጅ፣ መቀርቀሪያ፣ ባዶ እግር በሲሚንቶ ወለል ላይ፣ የምትጠፋ ሻማ፤ እነዚህ የትም ክፍል ውስጥ፣ ዋናዋ ተዋናይ ባትኖርም ይቀረጻሉ። ፊቷ የሚታይበት ሾት የግድ ካስፈለገ ከቀድሞው ምስል ፎቶ አውጡና ልብሷን፣ ሹሩባዋን፣ የጥፍሯን ቀለም ሳይቀር አመሳክሩ። የውጭ ትዕይንት ከሆነ ወቅቱንም ተመልከቱ፤ ግቢው በመጋቢት ተቀርጾ በሐምሌ ብትመለሱ ደረቁ መሬት ጭቃና ሣር ሆኖ ይጠብቃችኋል። የምሽቱን ሰማያዊ ብርሃን የምትፈልጉም ከሆነ አዲስ አበባ ላይ ጀምበር ከጠለቀች በኋላ የምታገኙት 20 ደቂቃ ያህል ብቻ ስለሆነ ካሜራው ተተክሎ፣ ልምምዱ አልቆ ጀምበሯን መጠበቅ ይገባል።

ሰባተኛ፦ ጽሑፍ፣ ኤክስፖርትና ሁለተኛው ዕይታ

ስክሪን ላይ የሚወጣው ጽሑፍ ምስሉ ያሳየውን የሚደግም ከሆነ ይውጣ። የሚቀረው ሁለት ጊዜ ቀስ ብሎ እስኪነበብ ይቆይ፤ ፊደሉ ዘግናኝ እንዲመስል ደም የሚንጠባጠብበት ቅርጽ ከመፈለግ ይልቅ ንጹሕ ፎንት ያምራል። የግዕዝ ፊደል በኤዲቲንግ ፕሮግራሙ ላይ ባዶ ሣጥን ሆኖ ከወጣ ፎንቱ አማርኛን አይደግፍምና እንደ ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ ያለውን በነፃ አውርዳችሁ ጫኑ።

ፋይሉን ለተመልካቾች በቴሌግራም የምትልኩ ከሆነ እንደ ቪዲዮ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት። እንደ ቪዲዮ ሲላክ ስለሚታመቅ ጨለማው ወደ አራት ማዕዘን ቁርጥራጭ ይለወጣል፤ ከዚያ በኋላ የሚሰበሰበው አስተያየት ስለ ሥራችሁ ሳይሆን ስለ መታመቁ ይሆናል።

ድንጋጤው ከየት እንደሚመጣ የሚያውቅ ሰው ሁለተኛ ጊዜ ስለማይደነግጥ ለሁለተኛው ዕይታ አዲስ ተመልካቾች ጋብዙ፤ ጥያቄዎቹ ግን የመጀመሪያዎቹ ይሁኑ፣ ሠንጠረዡም ያው። የቀድሞዎቹን ተመልካቾች የምትፈልጓቸው ለአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያኔ ሐሳባቸው የተሰረቀባቸው ሰከንዶች አሁን ይዘዋቸው እንደሆነ ለማየት። አዲሶቹ በተመሳሳይ ቦታ ላይ የሚሰናከሉ ከሆነ ያንን ሰከንድ ተዉትና ከእሱ በፊት ያሉትን 15 ሰከንዶች እንደገና ክፈቱ።